ብዕርና ቡጢ
«ዘ ሃርደር ዘይ ፎል» ስለ ተባለው ፊልም የቀረበ አስተያየት

ሰው ወደ ሲኒማ ቤት የሚገባው ብዙውን ጊዜ የቀኑን ድካም ለመርሳት ነው። ይህም ነውር የለበትም። ነገር ግን ተመልካቹ የሌላውን ሰው ታሪክ ሊያይ ገብቶ የራሱን ታሪክ አይቶ የሚወጣበት ፊልም አልፎ አልፎ ይገኛል። በዚህ ወር ለአንባቢዎቻችን ልናቀርበው ያሰብነው ፊልም ከእነዚህ አንዱ ነው። ስሙ በእንግሊዝኛ «ዘ ሃርደር ዘይ ፎል» ይባላል፤ ትርጓሜውም ግዙፍ የሆነ ሲወድቅ አወዳደቁ የከፋ ነው እንደ ማለት ነው። የተሠራውም በአሜሪካ በ1956 ነው። (በዚህ ጽሑፍ ውስጥ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር የተጻፉ መሆናቸውን አንባቢ ይወቅልን።)

ፊልሙ ስለ ቦክስና በቦክስ ስለሚደረገው ማጭበርበር የሚናገር ነው ሲባል፣ «ይህ ለመንግሥት ሠራተኛና ለመምህር ምን ይፈይዳል?» ብሎ የሚጠይቅ አይጠፋም። ጥያቄው ተገቢ ነው። እኛም ፊልሙን ደጋግመን ካየን በኋላ የደረስንበት አሳብ ይህ ነው፤ ፊልሙ የቡጢ ታሪክ ይመስላል፤ ውስጡ ሲመረመር ግን የብዕር ታሪክ ነው። መጻፍ የሚችል፣ ስሙ የታመነ፣ እውነቱን ከሐሰቱ ለይቶ የሚያውቅ አንድ ሰው፣ ብዕሩን ለሐሰት ባከራየ ጊዜ ምን ያህል ጥፋት እንደሚደርስ ያሳያል። እንግዲህ ብዕር ይዞ የሚውል ሁሉ ነገሩ ይመለከተዋል ማለት ነው።

ፊልሙን ያዘጋጀው ማርክ ሮብሰን ነው። ይህ ሰው በ1949 «ቻምፒዮን» የተባለውን ሌላ የቦክስ ፊልም አዘጋጅቶ ስለ ነበረ ለጉዳዩ እንግዳ አልነበረም። ታሪኩ የተገኘው በድ ሹልበርግ በ1947 ካሳተመው ልብ ወለድ ሲሆን፣ ለፊልም እንዲስማማ አድርጎ የጻፈውና ያሠራውም ፊሊፕ ዮርዳን ነው። ኤዲ ዊሊስ የተባለውን ዋና ሰው ሆኖ የሚጫወተው ስመ ጥሩው ሐምፍሬ ቦጋርት ነው። ቦጋርት ከዚህ ሥራ በኋላ ሌላ ፊልም ሳይሠራ በጥር ወር 1957 ዐርፏል። ፊቱ ላይ የሚታየው ድካም ለተሰጠው ሰው ጠባይ እጅግ የተስማማ ስለ ሆነ፣ ተመልካቹ የሚጫወት ሰው የሚያይ ሳይሆን የሚኖር ሰው የሚያይ ይመስለዋል።

ታሪኩ ባጭሩ እንዲህ ነው። ኤዲ ዊሊስ ለብዙ ዓመታት ስለ ስፖርት ሲጽፍ የኖረ የተከበረ ጋዜጠኛ ነው። ይሠራበት የነበረው ጋዜጣ ስለ ተዘጋ ያለ ሥራና ያለ ደመወዝ ቀርቷል። በዚህ ጊዜ ኒክ ቤንኮ የተባለ የቦክስ ነጋዴ ያስጠራዋል። ቤንኮ ቶሮ ሞሬኖ የሚባል እጅግ ግዙፍ የሆነ ሰው ከአርጀንቲና አስመጥቷል። ቶሮ ሲያዩት ተራራ ያክላል፤ ነገር ግን ቡጢው ጉልበት የለውም፤ መንጋጋውም የአንድ ደኅና ምት መቋቋሚያ የለውም። ቤንኮ ይህን ያውቃል። ኤዲም በመጀመሪያው ቀን ልምምዱን አይቶ ዐውቋል። የማያውቁት ቶሮ ራሱና ገንዘቡን ከፍሎ የሚገባው ሕዝብ ብቻ ናቸው።

የቤንኮ ዕቅድ ይህ ነው፤ ቶሮን በአውቶቡስ ከከተማ ወደ ከተማ እያዞሩ፣ ተጋጣሚዎቹ ገንዘብ ተቀብለው እንዲወድቁለት እያደረጉ፣ ስሙ ሲገን ከዓለም ሻምፒዮኑ ጋር ለማጋጠምና በዚያን ቀን የሚሰበሰበውን ገንዘብ ለመካፈል ነው። ለዚህ ዕቅድ ተማቺ ሞልቷል፤ ወዳቂም አይጠፋም። የጎደለው ሐሰቱን እውነት አስመስሎ ለጋዜጦች የሚያቀርብ፣ ጋዜጠኞችም ቃሉን የሚያምኑት አንድ ጸሐፊ ነው። ቤንኮ ኤዲን የፈለገው ስለዚህ ነው።

እዚህ ላይ የፊልሙን የመጀመሪያ ብልኅነት እናያለን። ቤንኮ ኤዲን አያስፈራራውም። በጨለማም ጉቦ አያቀብለውም። ደመወዝና ወጪ ይቈርጥለታል፤ ሥራ ይሰጠዋል። ኤዲም ስግብግብ ሰው አይደለም። ዕድሜው ገፍቷል፤ ለብዙ ዘመን እውነት ጽፎ ያተረፈው ነገር የለም፤ አሁን የሚፈልገው በባንክ የተቀመጠ ጥቂት ገንዘብ ነው። ይህ ምኞት ከማናችንም ምኞት የተለየ አይደለም። «ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል» የሚለው የአገራችን ተረት ተሳድቦ የተነገረ ቢመስልም፣ የሚገልጸው ይህንኑ ድካም ነው። ሰው ንጹሕ ሆኖ የኖረበትን ዘመን እንደ ኪሳራ መቊጠር የጀመረ ቀን መንገዱ ተከፍቷል። ፊልሙ የኤዲን መውደቅ በዚህ ዓይነት ቀስ ብሎ ስለሚያሳይ፣ ተመልካቹ ሊፈርድበት ሲነሣ ቃሉ ከአፉ ላይ ይቀርበታል።

በካሊፎርኒያ የተደረገው የመጀመሪያው ግጥሚያ ሐሰትነቱ በግልጽ በታየ ጊዜ፣ ኤዲ የቀድሞ ጓደኝነቱንና የተከበረ ስሙን መያዣ አድርጎ ነገሩን ያበርደዋል። አርት ሌቪት የተባለ በቴሌቪዥን ስለ ስፖርት የሚናገር የቀድሞ ወዳጁ፣ ከአንድ የደኸየ አሮጌ ቦክሰኛ ጋር ያደረገውን ቃለ ምልልስ ያሳየዋል። ያ ሰው በጒልማሳነቱ በብዙ ሺሕ ሕዝብ ፊት የተጋጠመ ነበር፤ ዛሬ ግን ንግግሩ እንኳ የተወላገደ ምስኪን ነው። ኤዲ ያያል፣ ያዝናል፣ ሥራውንም ይቀጥላል። ባለቤቱ ቤዝ ነገሩ ስላላማራት ታስጠነቅቀዋለች፤ እርሱም ጥቂት ቀን ብቻ እንደ ቀረው ይነግራታል። «ጥቂት ቀን ብቻ» የሚለው ቃል በክፉ ሥራ ውስጥ የገባ ሰው ሁሉ የሚደገፍበት ምርኩዝ ነው።

ኒክ ቤንኮን ሆኖ የተጫወተው ሮድ ስታይገር ነው። አጨዋወቱ ከቦጋርት አጨዋወት ፈጽሞ የተለየ ነው። ቦጋርት ዝም ብሎ ያስባል፤ ስታይገር ይጮኻል፣ ይስቃል፣ ይቈጣል፣ ወዲያው ደግሞ ያባብላል። የቤንኮ ዋና መሣሪያው ደግነት የሚመስል ጠባዩ ነው። ቶሮን ያበላዋል፣ ያለብሰዋል፣ ከታላላቅ ሰዎች ጋር ያስተዋውቀዋል። ሆኖም ከአገሩ አብሮት የመጣውንና ሊቈረቈርለት የሚችለውን አግራንዲን ከአጠገቡ ያርቅበታል። «ቶሮ» በእስፓኝ ቋንቋ በሬ ማለት ነው። የአገራችን ሰው «በሬ ካራጁ ይውላል» ሲል ይህን ፊልም ያየ ይመስላል። በሬው ከሚያርደው ጋር ይውላል፤ ሣሩን የሚያቀርብለትም እርሱ ስለ ሆነ እንደ ወዳጅ ያየዋል።

በታሪኩ መካከል ነገሩ ከማታለል ወደ ሞት ይሻገራል። ጋስ ዳንዲ የተባለ የቀድሞ ሻምፒዮን፣ በዲ ብራነን ከሚባለው የዓለም ሻምፒዮን ጋር በተጋጠመ ጊዜ ራሱን ተጎድቶ ሕመሙ ሳይለቀው፣ በችካጎ ከቶሮ ጋር እንዲጋጠምና እንዲወድቅ ይደረጋል። ዳንዲ ይወድቃል፤ ዳግመኛም አይነሣም። የዋሁ ቶሮ «ሰው ገደልሁ» ብሎ ይጨነቃል፤ ወደ አገሩም ለመመለስ ይለምናል። ለቤንኮና ለባልደረቦቹ ግን የሰው ሞት መልካም ማስታወቂያ ነው፤ ገዳይ የተባለ ቦክሰኛ ብዙ ሕዝብ ይሰበስባልና። ብራነንም በበኩሉ፣ «ዳንዲን ያጠፋሁት እኔ ሆኜ ሳለ ስሙ ለሌላ ተሰጠ» ብሎ ይቈጣል። ሰው በሰው ሞት የሚመካበት፣ በሰው ሞት የሚነግድበት፣ በሰው ሞት የሚጸጸትበት ሦስት ዓይነት ጠባይ በአንድ ሬሳ ዙሪያ ተሰብስቦ ይታያል። ከሦስቱም የሚጸጸተው ያልበደለው ነው።

ከዚህ በኋላ ኤዲ ለቶሮ እውነቱን ሊነግረው ይገደዳል። ቃል ብቻ ስላልበቃ፣ ከአሠልጣኞቹ አንዱ የሆነውን ጆርጅን ጠርቶ ቶሮን እንዲመታው ያደርጋል። ጆርጅ በዕድሜ የገፋ ነው፤ ቶሮ ግን ይወድቃል። ጆርጅን ሆኖ የተጫወተው በ1951 የዓለም የከባድ ሚዛን ሻምፒዮን የነበረው ጀርሲ ጆ ዎልኮት መሆኑ ለቦታው ልዩ ክብደት ይሰጠዋል። ግዙፉ ሰው መሬት ላይ ተቀምጦ፣ የተመሰገነበት ድል ሁሉ የተገዛ መሆኑን ሲረዳ የሚታየው ፊት ከደም ይልቅ የሚያሳዝን ነው። በማግስቱም ከብራነን ጋር ሲጋጠም ቶሎ ወድቆ ራሱን እንዲያድን ቢመክሩትም እሺ አይልም። ውሸት ሆኖ ከኖረ አንድ ቀን እውነተኛ ሰው ሆኖ መመታትን ይመርጣል። መንጋጋው እስኪሰበር ድረስ ይመታል። ፊልሙን ያነሣው በርኔት ጋፊ ይህን ግጥሚያ በጥቁርና ነጭ ፎቶግራፍ ያሳየበት ጥበብ ለአሜሪካ የኦስካር ሽልማት አሳጭቶታል።

እኛን ከሁሉ ይልቅ የነካን ግን ከግጥሚያው በኋላ የመጣው ክፍል ነው። ቡጢ የለበትም፤ ደም የለበትም፤ ጩኸትም የለበትም። የቤንኮ ሒሳብ ያዥ ሊዮ መዝገቡን ዘርግቶ ለኤዲ ያነብለታል። በበሩ የገባው ገንዘብ ከአንድ ሚሊዮን ዶላር ይበልጣል። ለማስታወቂያ፣ ለጉዞ፣ ለምግብ፣ ለልምምድ፣ ለተሸናፊዎች፣ ለዚህና ለዚያ ተብሎ አንዱ ከሌላው እየተቀነሰ ይሄዳል። የኤዲ ድርሻ 26,000 ዶላር ሆኖ ይገኛል። መንጋጋው የተሰበረው፣ ለወላጆቹ ገንዘብ ይዞ ሊመለስ ያሰበው የቶሮ ሞሬኖ ድርሻ ግን 49 ዶላር ከ7 ሳንቲም ነው።

ስለ ሰባቱ ሳንቲም ብዙ አስበናል። ቤንኮ ለቶሮ ምንም ሳይሰጠው ቢቀር ኖሮ ነገሩ ተራ ስርቆት በሆነ ነበር። ሳንቲሙ ግን የሚያሳየው ሒሳቡ በጥንቃቄ የተሠራ መሆኑን ነው። እያንዳንዱ ወጪ በየረድፉ ተጽፏል፤ ድምሩ ትክክል ነው፤ መርማሪ ቢመጣም የሚጎድል ወረቀት አያገኝም። ብዙ ሰው ሙስና ከመዝገብ ውጭ የሚደረግ፣ በጨለማ የሚካሄድ ነገር ይመስለዋል። ይህ ፊልም የሚያስተምረን፣ ከሁሉ የሚከፋው ዝርፊያ በመዝገብ ውስጥ በመልካም የእጅ ጽሕፈት ተመዝግቦ ሊገኝ እንደሚችል ነው። ሊዮ ድምሩን አልተሳሳተም፤ ኤዲም በሰዋስው አልተሳሳተም። ሁለቱም ሥራቸውን ጠንቅቀው ሠርተዋል። ቶሮን የገፈፈው ይህ ጥንቃቄያቸው ነው።

ይህን ስንጽፍ ራሳችንን ነጻ አድርገን አይደለም። ከጥቂት ዓመታት በፊት እኛ በምንሠራበት ክፍል አንድ የወር መግለጫ እንድናሳምር ተሰጥቶን ነበር። በመግለጫው ከተጠቀሱት ሥራዎች አንዱ ለአንድ መንደር የሚቈፈር የውኃ ጉድጓድ ነበር። ጉድጓዱ ተጀምሮ እንደ ቆመ እናውቅ ነበር። «ቆሟል» ብለን ብንጽፍ ጥያቄ ያስነሣል፤ «ተፈጽሟል» ብንል ደግሞ ሐሰት ይሆናል። ስለዚህ «በመልካም ሁኔታ በመገባደድ ላይ ይገኛል» ብለን ጻፍን። ማንም ጉቦ አልሰጠንም፤ ማንም አላስፈራራንም። የተቀበልነው ዋጋ ቢኖር «እጅህ ይባረክ» የሚል ምስጋና ብቻ ነበር። የመንደሩ ሴቶች ግን ያን ወርም የሚቀጥለውንም ወር ከሩቅ ምንጭ ሲቀዱ ከርመዋል፤ መግለጫውን ያነበበ ሁሉ ነገሩ ያለቀ መስሎት ነበርና። ኤዲ ዊሊስን በጽሕፈት መኪናው ፊት ባየነው ጊዜ ያ ዐረፍተ ነገር ትዝ አለን። የተባ ብዕር ሐሰት ሳይናገር እንኳ ሊያታልል ይችላል።

አሁን ደግሞ ከፊልሙ በስተጀርባ ወዳለው እውነተኛ ታሪክ እንመለስ። የቶሮ ሞሬኖ ታሪክ ፈጽሞ ከአእምሮ የፈለቀ አይደለም። በ1906 በኢጣልያ በሴኳልስ መንደር ተወልዶ፣ በግዙፍነቱ የተነሣ ወደ አሜሪካ ተወስዶ፣ ብዙዎቹ ግጥሚያዎቹ በጥርጣሬ የታዩበት ፕሪሞ ካርኔራ የተባለ ቦክሰኛ ነበር። በየካቲት 1933 በኒውዮርክ ከእርሱ ጋር የተጋጠመው ኧርኒ ሻፍ ወድቆ ከጥቂት ቀን በኋላ ሞተ፤ ሻፍ በ1932 ዓመት ማክስ ቤር በተባለ ቦክሰኛ ክፉኛ ተመትቶ ስለ ነበረ፣ የሞቱ መነሻ ያ ነው የሚሉ ብዙዎች ነበሩ። ካርኔራ በሰኔ 1933 ጃክ ሻርኪን አሸንፎ የዓለም የከባድ ሚዛን ሻምፒዮን ሆነ፤ በሰኔ 1934 ግን ያው ማክስ ቤር በ11 ዙር ውስጥ ደጋግሞ ጥሎ ማዕርጉን ወሰደበት። በፊልሙ ውስጥ በዲ ብራነንን ሆኖ የሚጫወተው ደግሞ ሌላ ሰው ሳይሆን ማክስ ቤር ራሱ ነው። ይህን ያወቀ ተመልካች ብራነን በዳንዲ ሞት ሲመካ በሚሰማበት ጊዜ ሰውነቱ ይቀዘቅዛል።

የካርኔራ ነገር ለእኛ ለኢትዮጵያውያን ሌላም ትዝታ አለው። የፋሺስት መንግሥት ይህን ግዙፍ ሰው የኢጣልያ ኀይል ምልክት አድርጎ ያሳየው ነበር። በሰኔ 1935፣ ሙሶሊኒ አገራችንን ሊወር ጦር በሚያከማችበት ወራት፣ ጥቁሩ አሜሪካዊ ጆ ሉዊስ በኒውዮርክ 60,000 ያህል ሕዝብ በተሰበሰበበት ስታዲየም ካርኔራን በስድስተኛው ዙር አሸነፈው። የአሜሪካ ጥቁሮች ግጥሚያውን በኢጣልያና በኢትዮጵያ መካከል እንደሚደረግ ትግል ቈጥረው ነበርና በየመንገዱ ወጥተው ተደሰቱ። ወረራው የመጣው ከጥቂት ወራት በኋላ በጥቅምት ነው። እንግዲህ የካርኔራን መውደቅ ስናስብ ደስ የሚለን ምክንያት አለን፤ አናፍርበትም። ይሁን እንጂ ይህ ፊልም ደስታችንን በማስተዋል እንድናየው ያስገድደናል። ነጋዴዎች ገንዘብ የሰበሰቡበት፣ መንግሥቱም የተመካበት ያ ሰው ራሱ በሌሎች እጅ ያለ መሣሪያ ነበር። ምልክቱን ልንጠላው ይገባል፤ ምልክት ለመሆን የተዳረገውን ሰው ግን ማዘን አይከለከልም።

እዚህ ላይ በፊልሙ ላይ ያለንን ዋና ቅሬታ እናቀርባለን። ፊልሙ በወጣ ጊዜ ካርኔራ በሕይወት ነበር፤ በአሜሪካ የትግል ተወዳዳሪ ሆኖ እንጀራውን ይበላ ነበር። ፊልሙ ውርደቴን ለሕዝብ አሳይቶብኛል ብሎ የኮሎምቢያ ፊልም ኩባንያን 1,500,000 ዶላር ካሣ ጠይቆ ከሰሰ፤ ተረታም። ካርኔራ በ1967 በተወለደበት መንደር ሞተ። ሕጉ የፈረደውን እኛ አንሽርም፤ ዳሩ ግን ከሕግ ሌላ የኅሊና ጥያቄ አለ። አንድን ምስኪን ግዙፍ ሰው ለገንዘብ ያሳዩበትን ነጋዴዎች የሚወቅስ ፊልም፣ ያንኑ ሰው ሳያስፈቅድ ዳግመኛ ለገንዘብ አሳይቶታል። ወቃሹ በተወቃሹ ጥፋት ጥቂት ተካፍሏል ብንል የተሳሳትን አይመስለንም። ቶሮም በፊልሙ ውስጥ የሚናገረው እጅግ ጥቂት ነው፤ ስለ እርሱ የሚያዝኑት ብዙ ናቸው፤ እርሱ ስለ ራሱ የሚያስበውን ግን በሙሉ አንሰማም።

ሁለተኛው ቅሬታችን ስለ ፍጻሜው ነው። ኤዲ ቶሮ ተሸጦ ለሌላ ነጋዴ ሊተላለፍ መሆኑን ባወቀ ጊዜ ከሆስፒታል አውጥቶ፣ የራሱን 26,000 ዶላር ሰጥቶት በአውሮፕላን ወደ አገሩ ይሰደዋል። ቤንኮ መጥቶ ቢያስፈራራውም አይመለስም። በመጨረሻም ባለቤቱ በአጠገቡ እያለች በጽሕፈት መኪናው ፊት ተቀምጦ እውነቱን መጻፍ ይጀምራል። ይህ መልካም ነው፤ ልብም ያስደስታል። ነገር ግን ገንዘቡን የመለሰ ሰው በደሉን ሁሉ መለሰ ማለት ነውን? ጋስ ዳንዲ የሚመለስበት አውሮፕላን የለም። የሹልበርግ መጽሐፍ በዚህ ነገር ከፊልሙ ይልቅ ጨካኝ ነው፤ የመጽሐፉ ኤዲ እንደዚህ በድል አይወጣም። ለተመልካች የሚያጽናናው የፊልሙ ፍጻሜ ነው፤ ለአንባቢ የሚጠቅመው ግን የመጽሐፉ ፍጻሜ ይመስለናል።

ሆኖም የፊልሙን ፍጻሜ የሚደግፍ አንድ ነገር አለ። ኤዲ የበደለው በብዕሩ ስለ ነበረ የሚክሰው በብዕሩ ነው። ቤንኮን በቡጢ ቢመታው ኖሮ ሲኒማ ቤቱ በጭብጨባ ይሞላ ነበር፤ ትምህርቱ ግን ይጠፋ ነበር። ኤዲ ወረቀት አስገብቶ መጻፉ ለጸሐፊ የሚገባው ንስሓ ይህ መሆኑን ያመለክታል። ፊልሙ በሁለት ዓይነት ተሠራጭቶ እንደ ነበረም ይታወቃል፤ በአንዱ ኤዲ ቦክስ በሕግ እንዲከለከል ይጽፋል፤ በሁለተኛው ግን ምርመራ እንዲደረግበት ይጠይቃል። ይህ ልዩነት ትንሽ አይደለም። ከጥፋቱ ጋር ጨዋታውን ማጥፋት ይሻላል ወይስ ጨዋታውን ጠብቆ ጥፋቱን መመርመር? የፊልሙ ባለቤቶች እንኳ በዚህ ጥያቄ አንድ አሳብ ላይ አልጸኑም።

ዘመን የሰጠውን መልስ ዛሬ ላይ ሆነን ማየት እንችላለን። ቦክስ በአሜሪካ አልተከለከለም። በ1959 የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ታላላቅ ግጥሚያዎችን በአንድ እጅ ጠቅልሎ በያዘው ኩባንያ ላይ የተሰጠውን ፍርድ አጸና። በ1960 ኤስቲስ ኬፎቨር በመሩት የእንደራሴዎች ምርመራ፣ የቀድሞው ሻምፒዮን ጄክ ላሞታ በ1947 ሆን ብሎ መሸነፉን በመሐላ አመነ። በስውር ሆኖ ብዙ ቦክሰኞችን ይነዳ የነበረው ፍራንኪ ካርቦ በ1961 ተፈርዶበት የ25 ዓመት እስራት ተቀበለ። በመጨረሻም በ2000፣ ፊልሙ ከወጣ ከ44 ዓመት በኋላ፣ በመሐመድ ዓሊ ስም የተሰየመ ሕግ ወጥቶ፣ የግጥሚያ ነጋዴ ከግጥሚያው የሚያገኘውንና ከቦክሰኛው የሚቀንሰውን ገንዘብ ለቦክሰኛው እንዲያስታውቅ አዘዘ። ይህ ማለት በፊልሙ ሊዮ ለኤዲ ያነበበለትን መዝገብ ለቶሮ ያንብብለት ማለት ነው። ከብዙ ጩኸትና ምርመራ በኋላ የተገኘው መድኀኒት ይህን ያህል ቀላል ነበር፤ መዝገቡ በስሙ ለተጻፈበት ሰው ይከፈት።

«እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል» ይባላል። ተረቱ እውነት ነው፤ ግን ንጋቱ እስኪመጣ በሌሊቱ የሚጎዳ ሰው አለ። ሌሊቱን የሚያሳጥረው እውነቱን ቀድሞ የሚያውቀው ሰው ነው፤ ያም አብዛኛውን ጊዜ መዝገብ ያዡ፣ መግለጫ ጸሐፊው፣ ደብዳቤ አርቃቂው ነው። ቤንኮን የመሰለ ሰው በየዘመኑ አይጠፋም፤ ያለ ኤዲና ያለ ሊዮ ግን ከደጁ አያልፍም።

ስለዚህ ፊልሙን ያላዩት አንባቢዎቻችን አጋጣሚ ሲያገኙ እንዲያዩት እንመክራለን። መምህራን ለተማሪዎቻቸው ቢያሳዩት፣ «ቶሮን የበደለው ማን ነው?» ብለው ይጠይቁ። አብዛኞቹ ተማሪዎች ቤንኮን እንደሚጠሩ አንጠራጠርም። ጥቂት ቈይቶ ኤዲን የሚጠራ ይገኛል። ሊዮን የሚጠራ ከተገኘ ግን ያ ተማሪ የፊልሙን ምስጢር አግኝቷልና ነገ ብዕርና መዝገብ ሊሰጠው የሚገባ እርሱ ነው። እኛም በበኩላችን ከዚያ ወዲህ መግለጫ ለመጻፍ በተቀመጥን ቊጥር ያ የውኃ ጉድጓድ በፊታችን ይቆማል፤ የቆመውን ሥራም «ቆሟል» ብለን መጻፍ ለምደናል። ምስጋናው ቀንሷል፤ እንቅልፋችን ግን ደኅና ነው።